የአጭር ካርባይን ጠመንጃ ካሊበርና ጥይት አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ጠመንጃ ማለት ፒስተኑ ወጥቶ የማይመለስ፥ አንድ ምት ብቻ ያለው ሞተር ነው። ቀለሁ የማቃጠያ ክፍሉ፥ አፈሙዙ ሲሊንደሩ፥ አረሩም ፒስተኑ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከሙያችን የራቀ አይደለም።

እንድመረምረው ያነሣሣኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ የግንባታ ቦታ የደረሰው ነው። ለጥበቃ ክፍሉ፥ ከመኪና ሲወርዱ አያስቸግርም ተብሎ፥ እጅግ አጭር ጠመንጃ ተመረጠ። በምርጫው ጊዜ የተጠየቀው «ካሊበሩ ስንት ነው?» የሚለው ብቻ ነበር። አመሻሽ ላይ በተደረገው የተኩስ ሙከራ ከአፈሙዙ ጫፍ የወጣው ነበልባል የተኳሹን ዓይን አጨለመው፤ አጠገቡ የቆመውም ዘበኛ ጆሮው እስከ ማግስቱ ሲጮኽበት ዋለ። ያ ነበልባል አረሩን መግፋት ሲገባው ውጭ የነደደ ባሩድና ጋዝ ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። 5.45 ሚሊሜትር የሆነው የክላሽንኮቭ ጥይት 415 ሚሊሜትር ርዝመት ካለው አፈሙዝ በሴኮንድ 900 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዞ ይወጣል። በ314 ሚሊሜትር አፈሙዝ 840፥ 206 ሚሊሜትር ብቻ በሆነው አጭሩ ዓይነት ደግሞ 735 ሜትር ይሆናል። ጉልበት የፍጥነት ካሬ ተከታይ በመሆኑ፥ የመጀመሪያው መቶ ሚሊሜትር ሲቆረጥ የሚጠፋው 13 በመቶ ገደማ ሲሆን፥ ሁለተኛው መቶ ሲቆረጥ ግን ከመነሻው አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። ገደሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። 7.62 በ39 የተባለው ጥይትም ከ415 ወደ 314 ሲያጥር ከ715 ወደ 670 ይወርዳል፤ ይህም 12 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ እስከ 300 ሚሊሜትር አካባቢ ካሊበሩ ያን ያህል ልዩነት አያመጣም። «ወፍራም አረር በአጭር አፈሙዝ አይጎዳም» የሚለውን የተለመደ አባባል፥ ቢያንስ እስከዚህ ርዝመት፥ ቁጥሩ አይደግፈውም።

ከዚያ በታች ግን ሁኔታው ይለወጣል። የ7.8 ሚሊሜትር አረር ጀርባ ከ5.7ቱ ጀርባ በስፋቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ጋዙ በአጭር ርቀት ውስጥ በቂ መስፋፊያ ያገኛል፥ ቶሎ የሚነድ ባሩድም መጠቀም ይቻላል። በ2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ ደረጃ የወጣለት 300 ብላክአውት የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። የ5.56 ቀለህ ከ45 ወደ 35 ሚሊሜትር ያህል አጥሮ ወፍራም አረር ተሰካበት፤ ካዝናው ሳይለወጥ አፈሙዙ ብቻ ተለወጠ። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ አደጋውም ከብልሃቱ ይወለዳል። ጥይቱ በስሕተት 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ሊጎርስ ይችላልና፥ ወፍራሙ አረር በጠባቡ አፈሙዝ ማለፍ ሲያቅተው ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ይፈነዳል። ሁለቱን በአንድ መጋዘን የሚያኖር ሰው ካዝናውን በቀለም ቢለይ ይሻለዋል።

ሌላው ጉዳይ የአቅርቦት ነው፤ ለዚህም የቀድሞ ጠላታችን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የጣሊያን ጦር በሊቢያና በአገራችን ባደረገው ዘመቻ 6.5 ሚሊሜትር ጥይቱ ደካማ ነው የሚል ቅሬታ ስለ በዛ፥ በ1938 አጭር ጠመንጃ በ7.35 ሚሊሜትር አወጣ። በስሌት ሲታይ ምርጫው መጥፎ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ጥይት ማቅረብ አዳጋች ሆኖ በ1940 ወደ 6.5 ተመለሰ፤ ከአዲሶቹም ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ለፊንላንድ ተሸጡ።

የእኔን አስተያየት ለሚጠይቀኝ፦ የተኩሱ ርቀት ከ200 ሜትር ለማያልፍ፥ መጋዘኑም 7.62 በ39 ለሞላ ጥበቃ፥ ከ300 ሚሊሜትር ያላነሰ አፈሙዝና ያንኑ ጥይት እመርጣለሁ። በጥይቱ ሳጥን ላይ የታተመው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የተለካው በረጅም የመሞከሪያ አፈሙዝ ስለሆነ፥ ከግዢ በፊት ፍጥነቱ በራሱ በአጭሩ ጠመንጃ ይለካ፤ አንዱም ሙከራ አመሻሽ ላይ ይደረግ። በዚያ የግንባታ ቦታ ይህ የተደረገው ጠመንጃዎቹ ከተገዙ በኋላ ነበር።