ወልመል ስንተኛ ደረጃ ይሰጠው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተፈቀደልን ወንዞችን፣ ሐይቆችንና የባሕር ዳርቻ ውሃዎችን እንዲሰጡት በሚፈለገው አገልግሎት መሠረት በደረጃ ስለ መክፈል ነው። ነገሩ ሲሰማ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኛ ግን በአንገቱ በኩል የሚወርደውን ወልመልን ምሳሌ አድርገን ስንመረምረው የብዙ ሰው ጤና የሚወሰንበት ጉዳይ ሆኖ አገኘነው።

አሳቡ ራሱ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ምንጭ ባለበት መንደር ከምንጩ ራስ ለመጠጥ ይቀዳል፤ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከዚያ በታች ልብስ ይታጠባል። ይህን ተራ የሚያፈርስ ልጅ ከሽማግሌ ተግሣጽ አያመልጥም። በባሌ ደግሞ ሆራ አለ፤ ሆራ ማዕድን የበዛበት ጨዋማ ምንጭ ነው። ሰው ለመጠጥ አይመርጠውም፤ ከብት አርቢው ግን ላሞቹን ብዙ መንገድ ነድቶ ወደዚያ ይወስዳቸዋል። ጎረቤቶቻችን ቦረናዎችም በጥልቅ ጕድጓዶቻቸው ላይ ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኀላፊ አላቸው። ስለዚህ «ይህ ውሃ ለምን ይበጃል?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪው በፊት በእረኛው ዘንድ የታወቀ ነው።

በሌላው ዓለም ይህንኑ ጥያቄ በቍጥር ጽፈው መልሰውታል። ለምሳሌ ያህል፣ የህንድ ማዕከላዊ የብክለት መቈጣጠሪያ ቦርድ ውሃዎችን በአምስት ደረጃ ይከፍላል። አንደኛው ያለ ሌላ ማጣሪያ፣ ተሕዋስያኑን በመድኀኒት በመግደል ብቻ ሊጠጣ የሚችል ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኮሊፎርም የሚባሉት ተሕዋስያን ከ50 እንዳይበልጡ፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅንም በሊትር ከ6 ሚሊ ግራም እንዳያንስ ይጠይቃል። ሁለተኛው ገላን ለመታጠብ ነው፤ ኮሊፎርሙ እስከ 500 ይፈቀዳል። ሦስተኛው በማጣሪያ ጣቢያ ካለፈ በኋላ የሚጠጣ ሲሆን እስከ 5,000 ድረስ ይታገሣል። አራተኛው ለዓሣና ለዱር እንስሳት፣ አምስተኛው ለመስኖና ለፋብሪካ ማቀዝቀዣ ነው። በዚህ በመጨረሻው ደረጃ የሚለካው የውሃው ጨዋማነት፣ አሲድነቱና እንደ ቦሮን ያለው ንጥረ ነገር ነው። ስለ ኮሊፎርም አንድም ቃል አይገኝበትም።

አሁን ወደ ወልመል እንመለስ። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን ሜዳ የተሻገረ፣ 4,377 ሜትር የሚሆነውን ቱሉ ዲምቱን በጎን አይቶ በሪራ በኩል ቍልቍል ወደ ሐረና ደን የገባ ሰው፣ አገሩ በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ቡና ጥላ ሲለወጥ ያያል። የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ከተማ አንገቱ በዚህ በደቡቡ ወገን ናት። ወልመልም ደኑን አቋርጦ ወደ ገናሌ ይወርዳል። መንግሥት በዚህ ወንዝ ላይ ትልቅ የመስኖ ሥራ አስጀምሯል። ለቈላው ገበሬ የሚሰጠውን ጥቅም የሚጠላ ከመካከላችን የለም።

ነገር ግን አንድ ሹም በካርታው ላይ የወልመልን ስም አግኝቶ ከጎኑ «ለመስኖ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይከተላል? ሹሙ አልዋሸም፤ ውሃው በእርግጥ ለመስኖ የሚሆን ነው። ወርዶ ቢለካውም ጨዉ ትንሽ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስለዚህ «ደኅና ነው» ብሎ ፈርሞ ይመለሳል። ከዚያው ወንዝ ግን አንዲት ልጅ በቢጫ ጀሪካን ቀድታ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ በሚውል ውሃ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ተሕዋስ ከቶ እንዳይገኝ ይላል። የሹሙ ወረቀት ትክክል ሆኖ ሳለ ልጅቱ ልትታመም ትችላለች። ማንም ሕግ አላፈረሰም።

ሕጋችን ይህን ፈጽሞ አልዘነጋውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት እንዲቀድም ያዛል። ያው አዋጅ ደግሞ በእጅ ለተቈፈረ ጕድጓድ፣ ለባህላዊ መስኖ፣ ለባህላዊ ከብት ርባታና ለውሃ ወፍጮ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። በእንስራና በጀሪካን ለሚቀዳውማ ማን ፈቃድ ይጠይቃል! ድኻውን ገበሬ ለእያንዳንዱ ፉርጎና ለእያንዳንዷ ላም ማመልከቻ ከማጻፍ የሚያድን በመሆኑ መልካም ድንጋጌ ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድ ያልተጠየቀበት ነገር በመዝገብ አይገኝም። በመዝገብ የሚገኙት ግድቡ፣ ዋናው ቦይና ፋብሪካው ናቸው። እንግዲህ ደረጃ የሚሰጠው ሰው መዝገቡን ብቻ ገልጦ ቢፈርድ፣ አዋጁ ያስቀደመውን ባለመብት ሳያየው ይቀራል። ትልቁ ችግር ይህ ነው ብለን እናምናለን።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ የሚጠቅም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን የውሃ ንጽሕና ሕግ ተከትሎ የተደነገገው ደንብ፣ ከኖቬምበር 28 ቀን 1975 ወዲህ አንድ ውሃ በእውነት የሰጠው አገልግሎት ሁሉ፣ በወረቀት ተጻፈም አልተጻፈም፣ ሊጠበቅ ይገባዋል ይላል። «የታሰበ» አገልግሎትና «ያለ» አገልግሎት ተለይተዋል ማለት ነው። ያለው ሳይጣራ የታሰበው ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ደረጃ መስጠት ወንዝን ዝቅ ማድረጊያ ፈቃድ ይሆናል።

«እንዲህ ከሆነማ ሁሉም ወንዝ አንደኛ ይሁን ልትሉ ነው?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። ሁሉ አንደኛ የተባለ እንደ ሆነ ትእዛዙን የሚፈጽም አይገኝም፤ ደረጃውም የወረቀት ጌጥ ይሆናል። የእኛ አሳብ ወንዙ በስሙ ሳይሆን በየክፍሉ ይመደብ የሚል ነው። ዌብን ብንመለከት፣ በላይኛው ክፍሉና በዳንካ ከውጭ አገር የመጣው ትራውት ይኖራል፤ ይህ ዓሣ ቀዝቃዛና ኦክሲጅን የሞላበት ውሃ ካላገኘ አይበረክትም። ሻያና ተጎና ደግሞ የሮቤንና የጎባን አካባቢ ነክተው ይገቡበታል፤ ከከተማ በታች ያለው ውሃ ከከተማ በላይ እንዳለው አይሆንም። ዝቅ ሲል ዌብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ያ ስፍራ ሙስሊሞች የሚያከብሩት የጸሎት ቦታ ነው። ለጸሎት ቦታም ሆነ ለጠበል፣ በህንዶቹ አምስት ደረጃዎች ውስጥ ስፍራ አላገኘንም። አንድ ስም ያለው ወንዝ አንድ ደረጃ ይበቃዋል የሚል ሰው ዌብን ተከትሎ ይውረድ።

ሁለተኛው የምናሳስበው የወቅቱን ነገር ነው። ክረምት የሞላ ወንዝ ብዙ እድፍ ያቀጥናል። በጋ ላይ ውሃው ሲያንስ፣ ከብቱም ሰውም ወደ ወንዙ የሚሰበሰበው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ደረጃው በቀጠነው ውሃ ይለካ።

ሦስተኛ፣ ሰው ከወልመል እየቀዳ እስከ ጠጣ ድረስ ያ የሚቀዳበት ክፍል የመጠጥ ውሃ ነው። ደረጃውን ዝቅ ማድረግ የፈለገ አስቀድሞ የጐለበተ ምንጭ ወይም ቧንቧ ለመንደሩ ያቅርብ። ለመስኖ የሚወጣው ገንዘብ ሲታሰብ ይህኛው ወጪ ከበድ ያለ አይመስለንም።

ስለ ባሕር ዳርቻ ውሃ ብዙ አንናገርም፤ አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ግን ወልመል የሚገባበት ገናሌ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይባላል፤ ጁባም በኪስማዩ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በመንገዱም ሁሉ የሚጠጣው ሕዝብ አለ። ዋቢ ሸበሌ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ በሶማሊያ ረግረግ ይቀራል።

በመጨረሻ ለአባሎቻችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። በመጪው ዕረፍት ወደ አንገቱ፣ ወደ ደሎ መና፣ ወደ ሪራና ወደ ሌላውም ወረዳ የምትሄዱ ጓደኞች፣ በሰፈራችሁ ባለው ወንዝ ሰው የሚቀዳበትን፣ ከብት የሚጠጣበትን፣ ልብስ የሚታጠብበትንና ወፍጮ ያለበትን ስፍራ፣ በየትኛው ወር እንደ ሆነም ጭምር እየጠየቃችሁ ጻፉልን። እናቶችንና እረኞችን ጠይቁ፤ እነሱ ከሁላችን ይልቅ ያውቃሉ። የተሰበሰበውን ገልብጠን ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት እንሰጣለን። ባዶው ቅጽ ከማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል።