«ኳይት» ምን ያህል ነው?

(በሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በተመራቂዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ፕሮግራሙ ላይ ርዕሴን አይታችሁ «ለአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይህ ሁሉ ሰዓት?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እራቱ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ፣ አትስጉ። ይህችን ቃል የመረጥኩት እኔም ሆንኩ አብዛኞቻችሁ ዕድሜያችን ሪኮመንዴሽን ከመለመን አልፎ ሪኮመንዴሽን ወደ መጻፍ ስለ ደረሰ ነው። የአንድ ወጣት ዕድል በእኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

በቅርቡ አንድ መምህር ለጎበዝ ተማሪው የጻፈውን ደብዳቤ ከመላኩ በፊት አሳየኝ። ልጅቱ የምታመለክተው እንግሊዝ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደብዳቤው በምርምር «ኳይት ጉድ» ናት ይላል። ይህን አውጣው አልኩት። «እንዴ! መዝገበ ቃላቱ ‹በጣም› ይላል እኮ!» አለኝ። ልክ ነው፣ ወደዚያ የሚጠጋ ትርጉም ታገኛላችሁ። ትንሽ ዝቅ ስትሉ ግን «በመጠኑ» የሚልም አለ። የለንደኑ መምህር ሲያነበው የሚሰማው ምናልባት «ደህና ናት፣ ክፉ አትባልም» ነው። ሃያ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ለተከመረበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ቃሏ እንዴት ሁለት ፊት ኖራት? ሥሯ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን «ነፃ የወጣ፣ ዕዳ የሌለበት» ከሚል ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ሥራ መልቀቅን የምንጠራበት «ኩዊት» የቅርብ ዘመዷ ነው። ዕዳውን የጨረሰ ሰው ሙሉ በሙሉ ነፃ ነውና፣ «ኳይት» መጀመሪያ «ሙሉ በሙሉ» ማለት ነበረች። «በመጠኑ» የሚለው ትርጉም የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። የእኛው «ጨርሶ» ምንድን ነው? «ጨረሰ» ከሚለው ግስ የወጣ አይደለም? «ጨርሶ አይቻልም» ስንል ልክ «ኳይት ኢምፖሲብል» ማለታችን ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች የሚለዩት አጠገባቸው በሚቆመው ቃል ነው። ቃሉ ደረጃ የማያውቅ ከሆነ፣ ማለትም «የማይቻል»፣ «ፍጹም»፣ «ፈጽሞ የተለየ» ዓይነት ከሆነ፣ «ኳይት» ሙሉ በሙሉ ማለት ናት። ደረጃ ያለው ከሆነ፣ እንደ «ጥሩ»፣ «ሞቃት»፣ «ሳቢ» ያለ፣ እንግሊዞች ዘንድ ብዙ ጊዜ ታለሰልሳለች። አሜሪካኖች ጋ ስትሄዱ ግን «ኳይት ጉድ» ወደ «በጣም ጥሩ» ትጠጋለች። ስለዚህ ያው ደብዳቤ ኦሃዮ ሲደርስ ሙገሳ፣ ሊድስ ሲደርስ ትከሻ መስበቅ ሊሆን ይችላል። ሲነገር ደግሞ ድምፁም አለበት። እንግሊዙ «ኳይት»ን አጥብቆ «ጉድ»ን ካላላ፣ «ግን» የሚል ነገር እየመጣ ነው።

እኛ ታዲያ የትኛዋን ተማርን? ሁለቱንም ይመስለኛል፣ ያውም ሳይነገረን። አዲስ አበባ የነበረው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1946 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በእንግሊዝ መምህራን ነበር የቆመው። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ግን የተገነባው ከአሜሪካው ኦክላሆማ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ሁለቱ እንግሊዝኛዎች አገሩ ውስጥ ተደባልቀው ነበር። በእንግሊዝኛ ተምረን ያደግን ሰዎች አንዷን «ኳይት» ከአንዱ መምህር፣ ሌላዋን ከሌላው ወስደን፣ ሁለቱም ላይ «በጣም» ብለን ጻፍንባቸው።

እዚህ ላይ የማደንቀውን ቃል ላንሳ፤ «ደህና»ን። ከ«ኳይት» ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ተመልከቱ። አሞራ ገደል ወርዳችሁ «ዓሣው ዛሬ እንዴት ነው?» ስትሉ ሻጩ «ደህና ነው» ቢላችሁ ቆም ትላላችሁ፤ ሌላ ቦታም ታያላችሁ። «ደህና ሰው ነው» ከተባላችሁ ግን ልጃችሁን ትድሩለታላችሁ። «ደህና ገንዘብ አገኘ» ማለት ብዙ ገንዘብ ነው። «ደህና አድርጎ ነገረው» ከሆነማ የቀረ ነገር የለም፣ ልክ ልኩን ነግሮታል! አንድ ቃል ከመካከለኛ እስከ ሙሉ ይዘልቃል፤ ማናችንም ግን አንሳሳትበትም። ለምን? አብረነው ስላደግን። እንግሊዝኛዋን ያገኘናት ከሰሌዳ ላይ ነው፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ተማሪዎች «ኳይት»ን ሲጠይቁኝ ከእንግዲህ «በጣም» ብዬ አላስተምርም፤ «ደህና» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለቱ ወዴት ወዴት እንደሚለያዩ አሳያለሁ።

የሚለያዩበት አንዱ ቦታ «ኖት ኳይት» ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠሩ ልጆቻችን ይህቺን በደንብ ብታውቋት ደስ ይለኛል። የውጭ ገዢ ስለ ናሙናው «ቀለሙ ኖት ኳይት ራይት» ብሎ ቢጽፍ፣ በቃል በቃል ትርጉም «ጨርሶ ትክክል አይደለም» ብትሉት አጋነናችሁ፤ እሱ ያለው «ሙሉ በሙሉ አልደረሰም» ነው። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ያልፋል» ብላችሁ ምርቱን ከቀጠላችሁ ደግሞ የባሰ ነው። የጨዋ ሰው «አልቀበልም» ብዙ ጊዜ ይህንኑ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። እኛም እኮ «እስቲ እናያለን» ብለን ስንቱን መልሰናል!

ሌላው ጉድ «ኳይት ኤ ፊው» ነው። «ፊው» ጥቂት ነው፤ «ኳይት» ስትጨመርበት ብዙ ይሆናል። ለዚህ ምክንያት ፍለጋ አትድከሙ፣ ያዙት ብቻ። ደግሞ አደራችሁን፣ ሁለት ፊደል ቦታ ከተለዋወጡ «ኳይት» «ኳየት» ትሆናለች፤ «ዝምተኛ» ማለት ነው። ትክክለኛ ቃል ስለሆነች የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚ ላያስተውላት ይችላል። ጎበዟ ተማሪ ዝም ብላ ትሄዳለች።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብለን «ኳይት»ን አወጣን። ምን እንተካ? እሱ «ቬሪ» አለ። እኔ ደግሞ ልጅቱ ምን እንደሠራች ጠየቅኩት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ከቡና ገበሬዎች ጋር ሁለት ወር እንደከረመች፣ የናሙናው ውጤት አንድ ጊዜ ሲበላሽባት እንደገና ተመልሳ ሄዳ እንደሰበሰበችው ነገረኝ። «ይህ የትኛው መስመር ላይ አለ?» ብለው፣ የትም የለም። ጻፍነው። ደብዳቤው በአራት መስመር ረዘመ፣ መጠን ነጋሪ ቃል ግን አንድም አላስፈለገውም። እንግሊዙም አሜሪካዊውም አንድ ዓይነት ነው የሚያነበው።

ከእራት በኋላ በበሩ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ እቆያለሁ። በስልካችሁም ሆነ በፍላሽ የያዛችሁት ደብዳቤ ካለ አምጡት፣ አብረን እናየዋለን። ማመልከቻቸው የሚዘጋባቸው ልጆች ይቅደሙ።