ስደተኛን ለመርዳት ባሕር የተሻገሩ ባልና ሚስት
(ለጀማዓው የተደረገ ንግግር)

  

ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ሲጠይቀኝ ርእስ አላጣሁም። ርእሱን የሰጡኝ ከመካከላችን የሆኑ አንድ ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። እርሷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ እርሱ የጉድጓድ ፓምፕና የውኃ ቧንቧ ሥራ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የዳርፉር ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት፣ በአድሬ በኩል ወደ ምሥራቅ ቻድ ተሰደዋል። እነዚህ ባልና ሚስት ለስድስት ወር ወደዚያ ሄደው ያለ ደመወዝ ለማገልገል ነይተዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ጥያቄአቸው አጭር ነው፦ «ልጆቻችንን ለአያታቸው ትተን ብንሄድ ምንዳ እናገኛለን ወይስ እንጠየቅበታለን?»

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ብይኑን ለዑለማኦቻችን እተዋለሁ። እንደ ታሪክ መምህር ግን የማውቀውን ላካፍላችሁ እችላለሁ።

ስለ ስደትና ስለ ትዳር ሲነሣ እኛ ሐበሾች ሩቅ መሄድ አያሻንም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ወደ አገራችን ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋንና የነቢዩ ልጅ ሩቀያ ባልና ሚስት ነበሩ። ቀጥሎ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከሚስቱ ከአስማ ቢንት ዑመይስ ጋር መጣ። በነጃሺ ፊት የተናገረው ጃዕፈር ስለሆነ ስሙ በየመድረኩ ይጠራል፤ አስማ ግን ልጆቿን በዚህ ምድር ወልዳ አሳድጋ ከአሥር ዓመት በላይ በሰው አገር የኖረች ሴት ናት። በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ወደ መዲና ሲመለሱ፣ ቀድመው መዲና የገቡት ብልጫው የእኛ ነው ባሏት ጊዜ ዝም አላለችም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። በመርከብ የመጡት ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው የተነገራቸውም በእርሷ ጥያቄ ምክንያት ነው። ይህን የማነሣው ስደትን ከሴቲቱ ወገን ሆነን እንድናየው ብዬ ነው። ደግሞም ያስጠጋቸው ንጉሥ እነርሱን ሲቀበል ሃይማኖታቸው ከእርሱ የተለየ መሆኑን እያወቀ ነበር።

አሁን ወደ ሌላ ዘመንና ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1939 መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዌልስሊ ሂልስ በምትባል ከተማ ዌይትስቲል ሻርፕ የሚባል የዩኒቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከሚስቱ ከማርታ ጋር ይኖር ነበር። (ዩኒቴሪያኖች ከጥንት ጀምሮ የሥላሴን ትምህርት ባለመቀበላቸው የታወቁ ናቸው።) ማርታ በማኅበራዊ ሥራ የሠለጠነች ነበረች። ወንዱ ልጃቸው 7 ዓመት፣ ሴቷ 2 ዓመት ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1938 በሙኒክ ስምምነት ሂትለር የቼኮዝሎቫኪያን ጠረፍ ከወሰደ በኋላ ፕራግ በስደተኞች ተጨናንቃ ነበር፤ አይሁዶች፣ የናዚ ተቃዋሚዎች፣ ጸሐፊዎችና ሐኪሞች። ማኅበሩ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቢፈልግ አሥራ ሰባት ሰዎች ተጠይቀው እምቢ አሉ። ሻርፖች እሺ አሉ። ልጆቻቸውን ለወዳጆች አደራ ሰጥተው በፌብሩዋሪ ወር በመርከብ ተነሡ።

ፕራግ በደረሱ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1939፣ የጀርመን ጦር ከተማይቱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምን ዓይነት እንደነበር ጥቂት ላብራራ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እርዳታ ሲባል ዱቄትና ብርድ ልብስ ብቻ ይመስለናል። በዚያ ዘመን አንድን ሰው ከፕራግ ለማውጣት ከያዙት ጀርመኖች የመውጫ ፈቃድ፣ ከሚቀበለው አገር ቪዛ፣ በመካከል ካሉት አገሮች ሁሉ የማለፊያ ቪዛ፣ የባቡርና የመርከብ ቲኬት ያስፈልግ ነበር። በዚህም ላይ ውጭ አገር ዋስ የሚሆነው ሰው መገኘት ነበረበት። አንዱ ወረቀት ሲገኝ የሌላው ጊዜ ያልፍበታል። ከቆንስላ ቆንስላ እየዞሩ መማጠን፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ እንደገና መጻፍ፤ ቀኑ በዚህ ያልፋል። ከዚህ ሥራ አብዛኛው ወረፋ መጠበቅ ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚሰደደው ሰው ገንዘቡን ይዞ መውጣት አይፈቀድለትም። ዌይትስቲል ታዲያ በፕራግ ከሰውየው የቼክ ገንዘብ ይቀበላል፤ በዚያው ገንዘብ በከተማው ያሉትን ችግረኞች ይረዳል። ሰውየው ከወጣ በኋላ ውጭ አገር በዶላር ወይም በፓውንድ ይከፈለዋል። የእኛ ነጋዴዎች ሐዋላ የሚሉት ይህንኑ ነው። ያዦቹ ግን እንደ ወንጀል ያዩት ነበርና ሁሉ በቃል ይያዝ ነበር፤ ስም የተጻፈበትን ወረቀት በእሳት አቃጠሉት። ማርታ በበኩሏ ስደተኞችን በባቡር ይዛ ጀርመንን አቋርጣ ወደ እንግሊዝ አድርሳ ተመልሳለች። በበጋው ቢሮአቸው ተዘጋ። ዌይትስቲል ለስብሰባ ወደ ስዊዘርላንድ በወጣበት እንዳይመለስ ተከለከለ፤ ማርታም በኦገስት ከፕራግ ወጣች። ሴፕቴምበር 1 ቀን ጦርነቱ ተጀመረ።

ወደ ቤታቸው ተመልሰው ልጆቻቸውን ካቀፉ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ እንደገና ተጠየቁ። እንደገናም ሄዱ። ሊዝበንን ማረፊያ አድርገው ማርታ በፒሬኔ ተራሮች ሥር ባለችው በፖ ከተማ አካባቢ ለተራቡ ሕፃናት 13 ቶን ያህል የወተት ምርት አደረሰች። ሊዮን ፎይክትቫንገር የተባለውን ዝነኛ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ደራሲና ሚስቱን ከፈረንሳይ በስፔን በኩል እንዲያመልጡ ረዱ። በመርከቡ ላይ ቦታ ሲጠፋ ማርታ የራሷን ቦታ ለፎይክትቫንገር ለቀቀችለት። ባሏ ከደራሲው ጋር ወደ ኒውዮርክ ሲጓዝ እርሷ ወደ ኋላ ቀረች፤ ለብዙ ወራት ደክማ ወደ 30 የሚጠጉ ልጆችን ከፈረንሳይ አስወጥታ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1940 አሜሪካ አስገባች። የገዛ ልጆቿ እናታቸውን ሲጠብቁ የሰው ልጆች ቪዛ ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር። እነዚህን ሰዎች የሚያነሡ ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመው ያጨበጭባሉ። ዋጋውን አይነግሩንም። ትዳራቸው እ.ኤ.አ. በ1954 በፍቺ ተለያየ። ፍቺው በዚያ ሥራ ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም፤ የሰው ትዳር የሚያፈርሰው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ነገር ግን ባልና ሚስት ለረዥም ጊዜ በየፊናቸው ሲቆዩ ምን እንደሚመጣ ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ወገኖቻችን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ክብሩም ቢሆን የዘገየ ነው፤ ያድ ቫሼም ሻርፖችን ያከበረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ሁለቱም ካረፉ በኋላ። ሁለት ዓመቷ ተትታ የቀረችው ልጅ አድጋ የታወቀች አርኪዮሎጂስት ሆነች፤ በዮርዳኖስ የፔትራን ታላቁን ቤተ መቅደስ ያስቆፈረችው ማርታ ጁኮውስኪ እርሷ ናት።

በዚያው ዘመን በሳራዬቮ ሙስጠፋና ዘይነባ ሃርዳጋ የተባሉ ሙስሊም ባልና ሚስት አይሁዳዊ ወዳጃቸውን ዮሴፍ ካቪሊዮንና ቤተሰቡን በገዛ ቤታቸው እንደ ሸሸጉም ላስታውሳችሁ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሳራዬቮ ተከብባ ሳለች ዘይነባ ራሷ ስደተኛ ሆነች፤ ያስጠጓትም ያዳነቻቸው ሰዎች አገር ነው። ስደት ተራ ይጠብቃል። እኛም እናውቀዋለን፤ በሱዳን የሚገኘው ኡም ራኩባ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከድርቅ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠግቷል፣ በ2020 ደግሞ ከትግራይ የሸሹትን ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ሱዳኖቹ በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ መጡ።

እንግዲህ ለባልና ሚስቱ ጥያቄ የመሰለኝን ልናገር። መሄዳቸውን አልቃወምም። ሁለቱም በእጃቸው የሚሠሩት ሙያ አላቸው። እርሷ በአንድ ሌሊት የምታድናት ወላድ ከእኔ የአንድ ዓመት ንግግር ትበልጣለች። ፎቶግራፍ ለመነሣት ወይም «አየን» ለማለት ብቻ የሚሄድ ሰው ግን ውኃውንና ምግቡን ከስደተኛው ይሻማልና ቤቱ ይቀመጥ። ዐረብኛቸው ደግሞ ደካማ ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት በቂ ወራት ይማሩ። ከታወቀ የእርዳታ ድርጅት ጋር በጽሑፍ ሳይዋዋሉ፣ የወባ መከላከያና የመመለሻ ቲኬት ሳይዙ አይነሡ። ልጆቹን በተመለከተ ስድስት ወር ለአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ረዥም ነው። ታላቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ያስረዱታል፤ ትንሿ ግን እናቷን ትረሳለች። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ከሚሄዱ በፈረቃ ቢያደርጉት፣ ወይም ትንሿ ጡት ጥላ እስክትጠነክር አንድ ዓመት ቢያዘገዩት እመርጣለሁ። እንዲያውም አድሬ ከሆነላቸው ይሁን እንጂ ኩርሙክ በአገራችን ውስጥ ነው፤ ልጆቹን አሶሳ አስቀምጦ መመላለስ ይቻላል። እዚያም የምትወልድ ሴት አለች፣ እዚያም የተበላሸ ፓምፕ አለ።

ሚስትየዋ ይህን ስነግራት «ኩርሙክ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ አድሬ ግን ማን ይሄዳል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሻርፖችን የጠራቸው ማኅበርም ከአሥራ ሰባቱ ሰዎች በኋላ ይህንኑ ሳይጠይቅ አይቀርም።

ባልና ሚስቱ ለመወሰን እስከ ረመዷን መጨረሻ ጊዜ ወስደዋል። እስከዚያ አያትየው ብቻቸውን እንዳይቸገሩ፣ ልጆቹን ከመድረሳ የሚመልስና ሳምንታዊ አስቤዛ የሚያደርስ ቤተሰብ እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዐስር ሶላት በኋላ ለኮሚቴው ጸሐፊ አስመዝግቡ። ለጉዞው መዋጮ የምታደርጉም በደረሰኝ ብቻ ስጡ።