ወራጅ አለ!



ከባህር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታ ላይ ምን እንደምታደርጉ ልንገራችሁ? መኪናው ሲቆም በመስኮት ቆሎ ትገዛላችሁ፣ ስልካችሁን ትነካካላችሁ፣ ከዚያ ትተኛላችሁ። የፎገራ ሜዳ ከነሩዙ፣ ከነከብቱ ያልፋችኋል። ይፋግን ማለፋችሁ ራሱ የሚገባችሁ አዲስ ዘመን ስትደርሱ ነው። ይፋግ እኮ በድሮው ዘመን የቅፍለት ነጋዴ የሚጎርፍባት፣ ስሟ ባሕር ማዶ ድረስ የተጻፈ ገበያ ነበረች። ማን ነገራችሁ? ማንም። ረዳቱ ሂሳብ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለውም፣ አልፈርድበትም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አውቶቡስ ነው። ፖለቲካ አይደለም፣ አትደንግጡ።

እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ኳስ የምትከታተሉ ታውቋታላችሁ። እዚያ በቀለም ያሸበረቀ አንድ አውቶቡስ አለ፤ ቲኬት ቆርጠህ ትገባለህ፣ አስጎብኚው ማይክ ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል ከተማዋን ያዞርሃል። የሚያሳይህ ግንብ ወይም ቤተ መንግሥት አይደለም። ቢትልስ የተባሉት አራት የሮክ ሙዚቀኞች ያደጉበትን ሰፈር ነው። ፔኒ ሌን የሚሉት መንገድ አለ፣ ዘፈን ስለወጣለት ብቻ ከዓለም ዙሪያ ሰው ሊያየው ይመጣል። የመንገዱን የስም ሰሌዳ ጎብኚ እየነቀለ ሲያስቸግር ስሙን ግድግዳ ላይ በቀለም እስከመጻፍ ደርሰዋል።

እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ከአራቱ አንዱ ፖል ማካርትኒ ያደገበት ቤት እኛ የቀበሌ ቤት የምንለው ነው። የከተማው አስተዳደር ለሠራተኛ ቤተሰብ ያከራየው፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የተጋራ፣ ተራ ቤት። ዛሬ ያንን ቤት የያዘው አሮጌ ግንቦችንና የመሳፍንት አዳራሾችን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ማኅበር ነው። ልብ በሉ! የቀበሌ ቤት ከመስፍን ግንብ እኩል ቅርስ ሆነ።

ፈረንጅ ሁሉን ያውቃል እያልኩ አይደለም። ቢትልስ ወደ 300 ጊዜ ገደማ የተጫወቱበትን ካቨርን የተባለ ምድር ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ለባቡር ሥራ ብለው ዘጉት፣ ከዚያም አፈረሱት፤ ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆነ። ኋላ ቆጫቸው። በ1984 አሮጌውን ጡብ እየለቀሙ መልሰው ገነቡት። ዛሬ የአውቶቡሱ ጉዞ የሚያበቃው እዚያ ነው።

እስቲ ያንን አውቶቡስ አዲስ አበባ እናምጣው። መነሻችን ፒያሳ ይሁን፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር፤ በ1927 ዓ.ም. ጠላት ሊወረን ሲያኮበክብ ሕዝቡን ለማንቃት የተመሠረተ ማኅበር ነው። ትንሽ ወረድ ስንል ጣይቱ ሆቴል። እዚያ ጃዝአምባ የሚባል ቤት ነበር፤ ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ነደደ። ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው። ከጎኑ ራስ ሆቴል፣ ራስ ባንድ ስሙን ያገኘበት። እዚህ ላይ አስጎብኚው ስለ አምሐ እሸቴ ማውራት አለበት። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ እስር ሊያመጣበት እንደሚችል እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ወጣት ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም «ኢትዮጵያዊ ጃዝ» እያለ የሚያብድበት ዜማ አብዛኛው በዚያ ልጅ ድፍረት የተረፈ ነው።

ሂልተን ስንደርስ ደግሞ ዋልያስ ባንድ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ኤርፖርት ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከኋላ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። አስቡት፣ ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ በሕይወት ባለ የሙዚቃ ቅርስ እየተነዳ አያውቅም! አሮጌ ሥራዎቹ እንደገና መታተም ከጀመሩ ወዲህ ነው ዓለም ዞሮ ያየው፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ።

መጨረሻ ካዛንቺስ። ፈንድቃ። መላኩ በላይ ሲጀምር በጭፈራ በሚያገኘው ሽልማት እየኖረ እዚያው ቤት ውስጥ ያድር ነበር፤ ኋላ ቤቱን ተረክቦ የአዝማሪና የጭፈራ ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ። መላኩና ጓደኞቹ መጫወት አላቆሙም። ነገር ግን አውቶቡሳችን እዚያ ሲደርስ አስጎብኚው በጣቱ የሚያሳየው አየር ነው። ሰፈር ሲፈርስ ደጃፉ ላይ የተለጠፈ አንዲት የብረት ሰሌዳ እንኳ ካለች፣ አፍራሹ ቢያንስ ምን እያፈረሰ እንደሆነ አላወቅሁም ሊል አይችልም።

እሺ፣ አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ወረታ መገንጠያ ላይ ቆመናል። ወደ ቀኝ ብትታጠፉ ደብረ ታቦርን አልፋችሁ ጋይንት ትገባላችሁ፤ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም እዚያ ናት፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም እንዲሁ በዚያው ደቡብ ጎንደር ነው። ለስንት ዘመን ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ በእግሩ የመጣበት የዜማ ትምህርት ቤት ነው። ቀጥ ብላችሁ ጎንደር ብትሄዱ ደግሞ ቡርቧክስ የምትባል የአዝማሪዎች መንደር አለች፤ ልጅ ማሲንቆ ከአባቱ የሚማርባት። ሊቨርፑል አራት ልጆች ይዛ አውቶቡስ ታስነዳለች፤ እኛ መንደር ሙሉ ይዘን በመስኮት ቆሎ እንገዛለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣችሁ። ፕሮፋይላችሁ ላይ ማሲንቆ አለ። ፉከራና ሽለላ ትለጥፋላችሁ፣ «ባህላችን!» ትላላችሁ። ጥሩ። ታዲያ እህትህ አዝማሪ ላግባ ብትል ቤት ውስጥ ምን ይባላል? ወንድምህ ማሲንቆ ሲያነሳስ? «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እኮ ዛሬም እንደ ስድብ የምንወረውረው እኛው ነን። በጠላት ወረራ ጊዜ ጣሊያን አዝማሪን ሲያሳድድ ግጥሙ አርበኛ እንደሚያስነሳ ገብቶት ነው። ጠላት የገባው ለእኛ እንዴት አይገባንም? ለባለማሲንቆው ክብር ሳይኖረን የማሲንቆው ፎቶ ምን ይፈይዳል?

አውቶቡስ ግዙ አላልኩም፣ ገንዘቡም የለንም። መንገዱ ግን አለ፣ ሚኒባሱም በየቀኑ ይሄዳል። አንዳችሁ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጣችሁ ለአሥራ ምናምን ሰው «እዚህ ጋ እኮ» ብላችሁ ብትጀምሩ ማን ይከለክላችኋል? ለዚያ ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ክረምት ከትምህርት ወደየቤታችሁ ስትገቡ ሥራ ልስጣችሁ። በየሰፈራችሁ ድሮ ሠርግ የሚያደምቀው ማን ነበር? ቤቱ የት ነበር? በሕይወት አለ ወይ? የይፋግ ልጆች አያቶቻችሁን ስለ ገበያው ቀን ጠይቋቸው፤ ማን ይዘፍን ነበር፣ የት ዛፍ ሥር? የቦታውን ስም፣ የሰውየውን ስም፣ የነገራችሁን ሰው ስም ደብተር ላይ ጻፉ። ስልክ ይጠፋል።

አዝማሪውን ራሱን ካገኛችሁት ደግሞ ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱት፤ አንቱ በሉት። ሲጨርስም «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ብቻ እንዳትሄዱ፣ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፉ።