ረጅም በረራ፦ የትኛው ወንበር ይሻላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ከውጫሌ ተነስተው አሜሪካ ያሉ ልጆችዎን ሊጠይቁ ነው? ደሴና ኮምቦልቻን አልፈው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ዋናው መንገድ ገና ይጀምራል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ነዳጁን ሞልቶ የተጫነ አውሮፕላን መነሳት ይከብደዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚበረው አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳውም ለዚህ ነው። ይህ ጉዞውን ስለሚያረዝመው ወንበር ሲመርጡ ይጠንቀቁ።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነርና ኤ350 አውሮፕላኖች የኢኮኖሚ ክፍል አንዱ ረድፍ 9 ወንበር አለው፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። መተኛት ከፈለጉ መስኮቱን፣ እግር ማፍታታት ካሻዎት መተላለፊያውን ይያዙ። የመሐሉን ይሽሹ። ንውጥውጥታ ከፈሩ ክንፉ አካባቢ ይሻላል። የአደጋ ጊዜ በር አጠገብ ለእግር ሰፊ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ልጅ ላቀፈ ግን አይፈቀድም። የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይለጠጥም፤ መጸዳጃ ቤቱም ቅርብ ነው።

የትም ቢቀመጡ በየጊዜው ተነስተው ይንቀሳቀሱ፤ ውኃም ይጠጡ። መልካም ጉዞ!

(ሙዚቃ)