ከደሴ ኮምቦልቻ፣ በሬዲዮ የሚላክ ጽሑፍ

እሷ፦ በ2014ቱ ጦርነት ስልክ ተቋርጦ ዘመድ ከዘመድ ተጠፋፍቶ ነበር። ሌላ መንገድ የለም ወይ፣ ወንድሜ?

እሱ፦ ፓኬት ሬዲዮ አለ እንጂ። ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተርና የአማተር ሬዲዮ ይበቃል። ዳየርዎልፍ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር የድምፅ ካርዱን ሞደም ያደርገዋል፤ ጽሑፉ ድምፅ ሆኖ በሰከንድ 1200 ቢት ይጓዛል።

እሷ፦ በጣም ዝግ ይላል እኮ!

እሱ፦ «ደኅና ነን» ለማለት ይበቃል። የሚያስቸግረው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ተራራ ነው፤ ሞገዱ ገደል አይበሳም። ሁለቱንም ከተሞች የሚያይ ከፍታ ላይ ኖድ የሚባል ማሻገሪያ ጣቢያ ቢተከል ግን መልእክቱን ተቀብሎ ያሻግራል።

እሷ፦ ኖዱ ሲዋቀርስ?

እሱ፦ መጀመሪያ የጥሪ ምልክት ይጻፍበታል። ለምሳሌ የአዲስ አበባው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ምልክት ኢቲ3ኤኤ ነው። ያለ ፈቃድ አይነካም!

እሷ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ተማሪዎቹ ቢጀምሩት ምንኛ ደስ ባለኝ!