ከተማን ከቤት በተገኘ ዕቃ ስለ መሥራት
(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ስለ አንዲት ከተማ የሚያሳዩትን መርሐ ግብር ያለ ብዙ ወጪ እንዴት ማስጌጥ እንደሚቻል ነው። ይህ ነገር ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ለጌጥ መግዣ መዋጮ በተጠየቀ ጊዜ፥ ገንዘብ ያላገኘ ሕፃን አፍሮ ከመዘምራኑ መካከል ሊቀር ይችላል። ልጅን ከጓደኞቹ የሚያስቀር ጌጥ ደግሞ ጌጥ ሊባል አይገባውም።

የሆሣዕናን በዓል እንውሰድ። ሕፃናቱ ዘንባባ ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ሲገቡ ለማሳየት ከተማይቱ ቅጥር፥ በርና ቤቶች ያስፈልጓታል። ለአገራችን ሰው ኢየሩሳሌም እንግዳ አይደለችም። በላስታ ዐሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት ስፍራ ወንዙ ዮርዳኖስ፥ ከአብያተ ክርስቲያናቱም አንዱ ቤተ ጎልጎታ ይባላል። አባቶቻችን የኢየሩሳሌምን መታሰቢያ ከዐለት ፈልፍለው ከሠሩ፥ እኛ በካርቶን ብንሠራት ምን ይከብደናል?

ሥራውን እንዴት እንደምንካፈል ደግሞ መጽሐፈ ነህምያ ያስተምረናል። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ተሠርቶ ተፈጸመ። በምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፥ ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል አደሱ፤ አንድ ሹምም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሆኖ ሠራ። እኛም ቅጥሩን ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል፥ ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ ክፍል ብንከፍለውና ለየሦስት ለየአራት ልጆች ብንሰጥ፥ ገንዘብ የሌለው ልጅ በእጁ ሥራ እኩል ባለቤት ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

አንደኛ፤ አጥንቱን እንሥራ። ወምበርማ የበቆሎ አገር ስለ ሆነ በሽንዲ ዙሪያ የደረቀ አገዳ አይታጣም። ቀጥ ያለውን መርጠን በቃጫ እያሰርን አራት ማዕዘን መስቀያ እናበጃለን። ሕፃናት የሚያልፉበት በር ግን ጠንካራ መሆን ስላለበት፥ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣውን ቀርከሃ መጠቀም ይሻላል፤ አጥር ከታጠረ በኋላ የተረፈ ቍራጭ ይበቃል። የበሩ ቁመት የሚለካው በልጁ ቁመት ብቻ አይደለም፤ ዘንባባውንና ጥላውን ከፍ አድርጎ በያዘው ልጅ ነው።

ሁለተኛ፤ ሙጫውን እናዘጋጅ። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል አድርገን እንበጠብጣለን። ከዚያም በሚፈላ አራት ስኒ ውሃ ውስጥ ቀስ እያልን ጨምረን እስኪወፍር እናማስለዋለን። ሲበርድ ይለጠፍበታል። በሁለትና በሦስት ቀን ስለሚበላሽ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ነው። እሳቱን የሚይዝ ትልቅ ሰው ይሁን።

ሦስተኛ፤ ቅጥሩን እናልብስ። የሳሙና፥ የዘይትና የፓስታ ካርቶን ከባለ ሱቆች በትሕትና ከተለመነ ይገኛል። ካርቶኑን ገልብጠን ጽሑፍ የሌለበትን ገጽ ወደ ውጭ እናደርጋለን፤ በላዩም የተጣለ የደብተር ወረቀት እንለጥፍበታለን። አንድ ቀን ሙሉ በፀሐይ ሲደርቅ ይጠነክራል።

አራተኛ፤ ቀለም። የተወቀጠ ከሰል ጥቁር፥ የተነፋ ቀይ አፈር ቀይ፥ ዐመድ ግራጫ፥ ከእናቶቻችን ጓዳ የሚገኝ እርድ ቢጫ ይሰጠናል። ቀለሙ እንዳይረግፍ በቀጠነው ሙጫ መለወስ ነው። በግራጫው ላይ የድንጋዩን መጋጠሚያ በከሰል እናሰምራለን። የቤቶቹ ጣራ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ሰው እንዳይወድቅ በጣራ ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ያዘዘውንም ሕፃናቱ በካርቶን ሲሠሩት አይረሱትም። ለሁለት የተከፈለ ደረቅ ቅል ቢደፋ ጉልላት ይሆናል። በመሬቱ ላይ ቄጠማ ይጎዝጎዝ።

በመግቢያው በኩል «ከሽንዲ በቡሬ፥ በፍኖተ ሰላም፥ ወደ ኢየሩሳሌም» የሚል የመንገድ ምልክት ቢቆም ሕፃናቱ ደስ ይላቸዋል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ስለ ሆነ፥ ምልክቱ ትምህርትም ይሰጣል።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። መጀመሪያ፥ ጧፍና ሻማ ወደ ወረቀቱና ወደ አገዳው አይቅረብ፤ ደረቅ አገዳ እንደ ጭድ ይነዳልና። መብራት ያለ ለማስመሰል በመስኮቶቹ ላይ ቢጫ ወረቀት መለጠፍ ይበቃል። ሁለተኛ፥ ነፋስ እንዳይጥለው በየመስቀያው እግር ከባድ ድንጋይ ይደረግ። ሦስተኛ፥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ፥ በቤተ ክርስቲያኑም ግድግዳ ላይ ምስማር አለመምታት ነው። ቅዱሳት ሥዕላትንም ለጌጥ ብሎ መቍረጥ አይገባም።

በዓሉ ሲፈጸም ከተማይቱ አትጣል። ቅጥሩ ተነቅሎ ከእርጥበትና ከአይጥ ርቆ ከተቀመጠ፥ በሚመጣው ዓመት በሩ ተለውጦና ሌላ ቀለም ተቀብቶ ኢያሪኮ ወይም ቤተ ልሔም ሊሆን ይችላል።

ከሱቅ የተገዛ ጌጥ ያብረቀርቃል፤ የሚያብረቀርቀው ግን ለገዛው ሰው ነው። በእጁ የሠራ ሕፃን ግን እናቱን በጣቱ እያመለከተ «እማዬ፥ ይህን ድንጋይ የሣልሁት እኔ ነኝ» ይላል። ይህን ቃል የሚናገሩ ልጆች በአገራችን እንዲበዙ እመኛለሁ። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።